የ1995ቱ ስሪዲ ሙቪ ሜከር በዛሬ ኮምፒውተር ላይ፦ ምኑ ይሠራል፣ ምኑ ያስቸግራል

ማይክሮሶፍት በ1990ዎቹ ለቤት ኮምፒውተር ካወጣቸው የልጆች ፕሮግራሞች አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። ስሪዲ ሙቪ ሜከር ግን እ.ኤ.አ. በ1995 «ማይክሮሶፍት ሆም» በሚለው ስም በሲዲ ከወጣ ወዲህ ተጠቃሚ አጥቶ አያውቅም። ልጅ ተዋናይ ይመርጣል፣ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ያቆመዋል፣ ያስኬደዋል፣ ያናግረዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚታይ ፊልም ይወጣል። አሁን መልሶ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ከተጠበቀው በላይ ጥሩ መሆኑን፣ የሚያደክመው ደግሞ እሱን ማስነሣትና ከእሱ ውስጥ ቪዲዮ ማውጣት መሆኑን ነው።

ሲከፈት ማክዚ የሚባል ገጸ ባሕሪ ይቀበላል። ማክዚ ከዚያ በፊት በወጡት ክሪኤቲቭ ራይተርና ፋይን አርቲስት በሚባሉት የልጆች ፕሮግራሞችም የነበረ ነው። አጠቃቀሙን የምታስተምረው ደግሞ ሜላኒ የምትባል ረዳቱ ናት። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ልጅ የሁለቱ ወሬ ብዙ አይጠቅምም፤ አንድ ጊዜ አይቶ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው መግባት ይሻላል፣ ምክንያቱም ስቱዲዮው ራሱ በሥዕል የሚናገር ነው። በነገራችን ላይ በመስኮቶቹ ላይ የሚታየው የእጅ ጽሑፍ መሰል ፊደል ኮሚክ ሳንስ ነው። ቪንሰንት ኮናር ማይክሮሶፍት ቦብ ለተባለው ፕሮግራም ብሎ የጀመረው ይህ ፎንት ለዚያ ሳይደርስለት ቀርቶ፣ ሥራ ላይ የዋለው እዚህ ነው።

የፕሮግራሙ ትልቁ ጥበብ ያለው በአቀራረጹ ነው። በዘመኑ ባሉት የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ተጠቃሚው የጊዜ መስመር ላይ ነጥብ እያስቀመጠ፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ፕሮግራሙ እንዲሞላ ይጠብቃል። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተዋናይ ሲመረጥ ከማውሱ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ክሊክ ተደርጎ ይለቀቃል። ከዚያ ከድርጊቶቹ ዝርዝር ውስጥ፣ ለምሳሌ መራመድ ይመረጥና ማውሱን በተዋናዩ ላይ ተጭኖ ሳይለቁ መጎተት ነው። ማውሱ በሄደበት መንገድ ተዋናዩ እየተራመደ ይከተላል፣ ጣት ሲነሣ ቀረጻው ይቆማል። ልጆች አሻንጉሊት ይዘው ወለል ላይ የሚያስኬዱትን በስክሪን ላይ እንዲያደርጉት ነው የተሠራው፤ ለዚህም ነው ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ቶሎ የሚለምደው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። ማውሱን በፍጥነት መጎተት ተዋናዩን አያፈጥነውም። እያንዳንዱ ድርጊት ከተከታታይ የሰውነት አቋሞች የተሠራ ነው፤ ከአንዱ አቋም ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ ተዋናዩ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንዳለበት አብሮ ተመዝግቧል። ስለዚህ የሚሄደው በእጅ ፍጥነት ሳይሆን በእርምጃው ልክ ነው። ጥቅሙ እግሩ መሬት ላይ አለመንሸራተቱ ነው፤ ይህን ዛሬም ብዙ ነፃ የአኒሜሽን መተግበሪያዎች በቅጡ አይወጡትም። ቶሎ እንዲደርስ የፈለገ ሰው ሩጫን መምረጥ ወይም መንገዱን ማሳጠር አለበት። ሁለተኛው መደናገሪያ አቅጣጫ ነው፦ ማውሱ ወደ ላይ ሲገፋ ተዋናዩ ከመሬት አይነሣም፣ ወደ ትዕይንቱ ውስጥ ይርቃል እንጂ።

ሁለት ሰዎች በር ላይ የሚገናኙበትን አጭር ትዕይንት እንውሰድ። መጀመሪያ መድረኩና የካሜራው ማዕዘን ይመረጣል። የመጀመሪያው ተዋናይ ከግራ እስከ በሩ ይቀረጻል። ቀጥሎ ከታች ካሉት ሁለት ተንሸራታች መቆጣጠሪያዎች የፍሬሙን (የፊልሙን እያንዳንዱን ነጠላ ሥዕል የሚያሳየውን) ይዞ ወደ መጀመሪያው ፍሬም መመለስ ያስፈልጋል፤ ሌላው መቆጣጠሪያ ከትዕይንት ወደ ትዕይንት የሚያሸጋግር ነው። ይህን ሳያደርጉ ሁለተኛውን ተዋናይ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው። ተዋናይ የሚታየው ከገባበት ፍሬም ጀምሮ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ጉዞውን ከጨረሰ በኋላ ከመሬት የበቀለ ይመስል ድንገት ብቅ ይላል። ወደ ኋላ ተመልሶ ከቀረጹ ግን ሁለተኛው ሲጎተት የመጀመሪያው ቀድሞ የተቀረጸውን እየደገመ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ በዓይን እያዩ ማገጣጠም ይቻላል። ሦስተኛና አራተኛ ሰውም በዚሁ መንገድ ይታከላል።

ሰዓቱ ትንሽ ካልገጠመ ሁሉንም ደምስሶ መጀመር አያስፈልግም። ተዋናዩን ከነሙሉ ጉዞው በጊዜ ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚገፋ መሣሪያ አለ። በሩ ላይ ቀድሞ የደረሰውን ሰው በእሱ ጥቂት ፍሬም ማዘግየት ነው። የአንዱን ተዋናይ መንገድ ቀድቶ ለሌላው መስጠትም ይቻላል፤ ሰልፍ ወይም ውድድር ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ሁለቱ እላይ በላይ እንዳይራመዱ መንገዱ ከተቀዳ በኋላ አንዱን ማዘግየት ወይም ወደ ጎን ማንሣት ግድ ነው። ትዕይንቱ ጫፍ ላይ የሚንዛዛ ከሆነ ከቆሙበት ፍሬም በኋላ ወይም በፊት ያለውን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ መቀስ መሰል መሣሪያ አለ። መቀሱን ከመጠቀም በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ማድረግ ይመከራል፣ የሁሉንም ተዋናዮች ጉዞ ነው አብሮ የሚቆርጠው።

ካሜራው እንደማይንቀሳቀስ ቶሎ ይስተዋላል። ይህ እንደ ጉድለት ሲነገር ይሰማል፤ ነገር ግን ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። በ1995 አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር ባለሦስት ገጽታ ሥዕል የሚያፋጥን ካርድ አልነበረውም፤ ሁሉንም የሚያሰላው ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ስለዚህ መድረኮቹ አስቀድመው በባለሙያ ተሥለው እንደ ተራ ፎቶ ተቀመጡ። ከፎቶው ጋር ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ሌላ መረጃ አብሮ አለ። ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚሥለው ተዋናዮቹን ብቻ ነው፤ የተዋናዩን ርቀት ከመድረኩ ነጥብ ርቀት ጋር እያነጻጸረ የትኛው የትኛውን እንደሚሸፍን ይወስናል። ተዋናዩ ከዓምድ ኋላ ሲያልፍ በትክክል የሚደበቀው በዚህ ነው። ተዋናዮቹን የሚሥለው ሶፍትዌር ቢሬንደር ይባላል፤ የእንግሊዙ አርጎናውት ሶፍትዌር ሥራ ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ካርማጌዶን የተባለው የመኪና ጨዋታም በዚሁ ተሠርቷል።

ታዲያ ካሜራ ማዞር የሚቻለው ለእያንዳንዱ መድረክ በተዘጋጁት ማዕዘኖች ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ለልጅ ይህ ጥሩ ነው። ካሜራውን እንደልቡ ማሽከርከር የሚችል ጀማሪ ፊልም አይሠራም፣ ካሜራ ሲያሽከረክር ይውላል። እዚህ ግን የቀረበና የራቀ፣ የጎንና የፊት ማዕዘን እየቀያየሩ ነገር መተረክን ይማራል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ተዋናዩ መሬት ላይ ጥላ ስለማይጥል የት እንደቆመ በዓይን መገመት ይከብዳል። ከጠረጴዛ ጎን የቆመ የሚመስለው ሰው ማዕዘኑ ሲቀየር ጠረጴዛው ውስጥ ግማሽ አካሉ ገብቶ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመቅረጽ በፊት ተዋናዩን በዕቃው ዙሪያ ማንቀሳቀስና እግሩ መቼ እንደሚሸፈን ማየት። መጠኑን ያሳደጉት ተዋናይ ደግሞ ግድግዳና ጣሪያ ይበሳል።

መጠን፣ ማዞር፣ መጨፍለቅና መሳብ፣ ልብስ መቀየር፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ክሊክ ናቸው። መጨፍለቂያው ከሁሉ በላይ ልጆችን ያስቃል። ልብሱ በአካል ክፍል ተለይቶ ስለሚቀየር ከአንዱ ተዋናይ የተለያዩ ሰዎችን ማውጣት ይቻላል፤ ቦንጎን የመሰለ የታወቀ ገጸ ባሕሪ ሳይቀር ሸሚዙና ሱሪው ሲለወጥ ሌላ ሰው ይመስላል።

ድምፁ በጥንቃቄ የታሰበበት ክፍል ነው። ንግግር፣ የድምፅ ውጤትና ሙዚቃ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ሦስት አገባብ አላቸው። አንደኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ነው። ሁለተኛው እስኪቆም ድረስ የሚደጋገም ሲሆን ለዝናብ፣ ለሞተርና ለጀርባ ሙዚቃ ይሆናል። ሦስተኛው ድምፁን ከተዋናዩ እንቅስቃሴ ጋር ያስራል፦ እግሩ መሬት ሲነካ ባለው አቋም ላይ «ኳ» የሚል ድምፅ ከተሰጠ፣ ያ አቋም በተመለሰ ቁጥር ራሱ ይሰማል። አንድ ጊዜ ከታሰረ ጉዞው ቢረዝም ቢያጥርም የእግር ኮቴው አይዛባም። ይህን ሳያውቁ ኮቴን በተደጋጋሚው አገባብ የሚያስገቡ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያጋጥማቸው፣ ተዋናዩ ቆሞም ኮቴው አለመቆሙ ነው። በማይክሮፎን የራስን ድምፅ መቅዳትም ይቻላል። የተቀዳው ድምፅ በፊልሙ ፋይል ውስጥ አብሮ ስለሚቀመጥ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲወሰድ አይጠፋም፣ ፋይሉን ግን ያሳብጠዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ዋናው በር ይህ ማይክሮፎን ነው። ጽሑፉ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ፕሮግራሙ የተሠራው የዓለምን ፊደሎች በአንድ ሠንጠረዥ ከሚያስቀምጠው ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ኤኤንኤስአይ በሚባለው የፊደል አሠራር ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ በዚያ አሠራር ለአማርኛ የመደበው የኮድ ሠንጠረዥ የለም። ስለዚህ በዛሬው የአማርኛ ኪቦርድ ርዕስ ሲጻፍ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይወጣል። መውጫው ያረጀ ዘዴ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻቸውን በላቲን ፊደል ቦታዎች ላይ ስላስቀመጡ፣ ፕሮግራሙ ላቲን የጻፈ መስሎት የግዕዙን ቅርጽ ሊያወጣ ይችላል። ፎንቱ ዊንዶውስ ውስጥ ሲጫን በጽሑፍ ሰሌዳው የፎንት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ወይም ከዚያ በላይ የፎንት ፋይል ስለሚከፋፍሉት በቃል መሀል ፎንት መለወጥ ሊኖር ነው፤ ለአንድ ርዕስ ይቻላል፣ ለረጅም ምስጋና ዝርዝር ግን አይመከርም። ተነሥተው የሚንቀሳቀሱት ባለሦስት ገጽታ ቃላት ደግሞ ፊደላቸው አስቀድሞ የተቀረጸ ስለሆነ ከላቲን ውጭ ተስፋ የላቸውም። ሥዕል ከውጭ የሚያስገባበት መንገድም ስለሌለ አማርኛ ርዕስን በፎቶ መልክ ማስገባት አይቻልም፤ የቀለለው ፊልሙ ወደ ቪዲዮ ከተለወጠ በኋላ በቪዲዮ ማቀናበሪያ መጨመር ነው።

አሁን ወደ መጫኑ። የዚያን ዘመን የሲዲ መጫኛዎች ብዙዎቹ 16 ቢት ናቸው፣ ማለትም ለድሮ ዊንዶውስ የተሠሩ፤ 64 ቢት የሆነ የዛሬ ዊንዶውስ ከጥቂቶች በቀር እነዚህን አይከፍትም። መጫኛው እምቢ ሲል ሰው ወዲያው ፎልደሩን ከሲዲው ኮፒ አድርጎ ዋናውን ፕሮግራም ለማስነሣት ይሞክራል። ይሄኛውም ብዙ ጊዜ አይሳካም፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ዕቃዎቹ የት እንዳሉ የሚጠይቀው የዊንዶውስን ሬጅስትሪ፣ ማለትም የቅንብር መዝገቡን ነው። በሬጅስትሪው የተመዘገበ ነገር ከሌለ፣ ወይም ፎልደሩ ከተጫነበት ቦታ ከተነሣ፣ ሲዲ አስገቡ ማለት ይጀምራል። ሲዲው ውስጥ እያለ ይህ መልእክት ከመጣ ችግሩ ሲዲው ሳይሆን አድራሻው ነው።

ያለ ብዙ ጣጣ የሚሠራው መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ለዚህ በሚያገለግለው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ፈቃድ ያለው 32 ቢት ዊንዶውስ ኤክስፒ መጫን፣ 512 ሜጋባይት ራም መስጠት፣ ሲዲውን ወደ ምስል ፋይል ለውጦ ማስገባት፣ ስክሪኑን 800 በ600 ማድረግ። ዊንዶውስ 98 ለዘመኑ የቀረበ ነው ብለው የሚመርጡ አሉ፤ ነገር ግን ቨርቹዋልቦክስ ለእሱ የሚሆን የድጋፍ ሶፍትዌር ስለሌለው የስክሪንና የድምፅ ሾፌር ፍለጋ ውስጥ ያስገባል። ኤክስፒ የሚዲ ሙዚቃ ማጫወቻውን ይዞ ስለሚመጣ የጀርባ ሙዚቃውም ይሰማል። ማይክሮፎኑ የሚሠራው በማሽኑ የድምፅ ምርጫ ውስጥ የድምፅ ግብዓት ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ ሳይፈቀድ የሚመጣ ስለሆነ ቀረጻው ዝም ያለ ሲሆን መጀመሪያ እዚያ ማየት ነው።

በቀጥታ በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ማስነሣት የቻለ ሰው የሚገጥመው ሌላ ነው። የፕሮግራሙ መስኮት 640 በ480 ነው፣ በዛሬ ስክሪን ላይ ጥግ ላይ የቀረ ነገር ይመስላል። በፕሮግራሙ የተኳኋኝነት ማስተካከያ ውስጥ «በ640 በ480 አስኪድ» የሚለው ምርጫ ስክሪኑን በሙሉ ይሞላዋል፣ ነገር ግን ሰፊ ስክሪን ላይ ሰው ሁሉ ተለጥጦ ይወፍራል፤ በመሀል ከተዘጋም የዴስክቶፕ አይከኖች ቦታቸውን ለቀው ይገኛሉ። ቀለሙ የተዛባ እንደሆነ የ256 ቀለም ምርጫውን መሞከር ይገባል፤ ፕሮግራሙ የታሰበው ለዚያ ነውና።

በዚህ ሁሉ ላይ አዲስ መንገድ የከፈተው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 የሆነው ነው። ፉን ቱሪንግ በሚል ስም የሚታወቅ የድሮ ሶፍትዌር አፍቃሪ በትዊተር ላይ ላቀረበው ጥያቄ ማይክሮሶፍት አዎንታዊ ምላሽ ሰጥቶ፣ የፕሮግራሙን ሶርስ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ አወጣው፤ ቢሬንደርም እንዲሁ ተለቀቀ። ኮዱ እንደወረደ በዛሬ መሣሪያ ወደሚሠራ ፕሮግራም አይገነባም፣ የተጻፈው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2.0 ለተባለው የድሮ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ይህን ያስተካከሉት በፈቃደኞች የሚሠሩት ስሪዲኤምኤም ፎርኤቨርና ስሪዲኤምኤምኤክስ የተባሉት ፕሮጀክቶች ናቸው። ኮድ መገንባት የሚችል ሰው ከቨርቹዋል ማሽን ይልቅ ወደ እነዚህ ቢሄድ ይሻለዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት ማሻሻያዎችም አሁንም ያገለግላሉ፦ አኒሜሽን ፕሮ የተባለው የማውሱን እንቅስቃሴ ወደ ኪቦርድ ስለሚያዞር በእጅ መንቀጥቀጥ የሚበላሸውን ጉዞ ያስተካክላል፤ ቪስሪዲኤምኤም ደግሞ ተጠቃሚዎች የሠሯቸውን ተጨማሪ ተዋናዮችና ዕቃዎች ያስገባል። ለጀማሪ ልጅ ሁለቱም አያስፈልጉም።

የተሠራውን ፊልም ለሌላ ሰው መላክ የፕሮግራሙ ደካማ ጎን ነው። ሴቭ የሚደረገው ፋይል ቪዲዮ አይደለም። «ይህ ተዋናይ በዚህ ፍሬም እዚህ ቦታ ይቁም» የሚል የመመሪያ ስብስብ ነው፤ ተዋናዩና መድረኩ የሚመጡት ከተመልካቹ ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙ የሌለው ሰው አያየውም፤ ተጨማሪ ጥቅል ተጠቅመው የሠሩትን ያንን ጥቅል የሌለው ሰው አያየውም። ወደ ቪዲዮ የሚለውጥ ትዕዛዝም አልተሠራለትም።

ስለዚህ ስክሪን መቅረጽ ነው። ኦቢኤስ ስቱዲዮ በነፃ ይህን ይሠራል፣ ጥራቱ ግን በአቀማመጡ ይወሰናል። ፊልሙ የሚታይበት ቦታ ስፋቱ 544 በ306 ፒክስል ነው። በኦቢኤስ ውስጥ የአልት ቁልፍን ይዞ ጠርዞቹን እየጎተቱ የመሣሪያ ሰሌዳዎቹን መቁረጥና ይህን ቦታ ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ከዚያ በሦስት እጥፍ ሲያድግ 1632 በ918 ይሆናል፤ ባለ 1080 ቪዲዮ ውስጥ ዙሪያውን ትንሽ ጥቁር ጠርዝ ትቶ ይቀመጣል። ስክሪኑን ለመሙላት ብሎ በሙሉ ቁጥር እጥፍ ባልሆነ መጠን ማሳደግ ፒክስሎቹን እኩል ያልሆኑ ያደርጋቸዋል፣ የፊት ገጽታም ይንሻፈፋል። የማሳደጊያ ማጣሪያውን «ፖይንት» ላይ ማድረግም አይዘንጋ፤ በነባሪው ሲተው ሥዕሉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። የማውሱ ቀስት እንዳይቀረጽ ምርጫውን ማጥፋት፣ በቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ደግሞ የመስኮቱን የራሱን ማጉያ ወደ 100 በመቶ መመለስ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ የጎላ ሥዕል ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኒክሎዲዮን የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ጣቢያ እትም አሠራሩ ያው ሆኖ ገጸ ባሕሪያቱ ከጣቢያው ካርቱኖች የተወሰዱ ናቸው። እነዚያን ካርቱኖች እያየ ያደገ ሰው ይደሰትበታል፤ ለዛሬ ልጅ ግን መጀመሪያ የወጣው ይሻላል፣ ተዋናዮቹ የራሳቸው ታሪክ ስለሌላቸው የተሰጣቸውን ይሆናሉ። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለ ልጅ ተስማሚ ነው እንላለን። ከዚያ በላይ የሆነና ካሜራ ማንቀሳቀስ፣ የራሱን ሰው መቅረጽ የሚፈልግ ልጅ ብሌንደር የተባለውን ነፃ የባለሦስት ገጽታ ፕሮግራም ይጀምር። ያገለገለ ሲዲ የሚገዛ ሰው የዲስኩን የሥር ገጽ በብርሃን ተቃራኒ አይቶ፣ ገና ሳይጭነው ምስል ፋይል ያውጣለት፤ ምስሉ በመሀል ስሕተት ካሳየ መጫኑ ቢያልቅም በኋላ አንድ መድረክ ወይም አንድ ድምፅ ሲመረጥ ፕሮግራሙ ይቆማል።